የስቴካ ጫፍ ቫዝሊን አይቀባም፦ ለ«ሙሉ መመሪያው» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በየቴሌግራም ግሩፑ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። «የስቴካ ጫፍ አመራረጥና አያያዝ ሙሉ መመሪያ» ይላል። ስቴካ ኳስ የሚመታበት ዘንግ ነው፣ ጫፉ ደግሞ ፊቱ ላይ የሚለጠፈው ትንሽ ክብ ቆዳ። ለእኔ ከአዲስ አበባም ከዱባይም ተልኮልኛል። እዚህ ለንደን አብረውኝ ስኑከር (የፑል ዘመድ የሆነውን የጠረጴዛ ጨዋታ) የሚጫወቱ የሀበሻ ልጆችም «አየኸው ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። አይቼዋለሁ። ልፋት አለበት፣ አጻጻፉም ደስ ይላል፣ ስለዚህ ነገር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው መገኘቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ምክሩን አምኖ የሚሠራበት ሰው ጫፉን ያበላሻል። ስለዚህ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጥ። ለስላሳ ጫፍ ስፒን፣ ማለትም የኳሷን መሽከርከር፣ ይሰጣል፣ ጠንካራ ጫፍ አይሰጥም። ጫፉ በሰፋ ቁጥር ስህተት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጀማሪ የሆነ ሁሉ 12 ወይም 13 ሚሊሜትር ይያዝ። ከአንድ ወጥ ቆዳ የተቆረጠውን ርካሽ ጫፍ ትቶ የጃፓኑን ድርብርብ መግዛት የግድ ነው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፈግ። ጫፉ እንዳይንሸራተት የሚቀባው ቾክ በየአራት አምስት ምቱ ይበቃል። ጫፉ በየወሩ ይቀየር። ሱፐር ግሉ የሚባል ነገር አይነካ። በመጨረሻም ቆዳው እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ ቫዝሊን ወይም ዘይት ጠብ ይደረግበት። ጽሑፉ ይኸው ነው።

ከስፒኑ ልጀምር፤ ብዙው የተሳሳተ ምርጫ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ። የጸሐፊው መከራከሪያ ለስላሳ ቆዳ ኳሷን ቆይቶ «ይይዛታል»፣ ስለያዛትም የበለጠ ያሽከረክራታል የሚል ነው። ሲሰሙት ያሳምናል። ነገር ግን ጫፉና ኳሷ የሚነካኩት ለአንድ ወይም ለሁለት ሺህኛ ሰከንድ ያህል ነው። በለስላሳው ትንሽ ይረዝማል፣ ይሄ ልክ ነው። የስፒኑን መጠን የሚወስነው ግን ቆይታው አይደለም። ኳሷን ከመሐሏ ምን ያህል አርቃችሁ እንደመታችኋትና በምን ፍጥነት እንደመታችኋት ነው፣ ጫፉ ሸርተት እስካላለ ድረስ። መራቁም ወሰን አለው። ከመሐሏ እስከ ጠርዟ ካለው ርቀት ግማሹን ካለፋችሁ ቆዳው ለስላሳም ይሁን ጠንካራ ይንሸራተታል። የስኑከር ኳስ ስፋቷ 52.5 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ከመሐሏ ወደየትኛውም አቅጣጫ ያላችሁ መፈናፈኛ 13 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እሱም ቾኩ በደንብ ከተቀባ።

እኔን አትመኑኝ፣ ራሳችሁ ሞክሩት። ቀላሉ ፑል ቤት ነው። ከ9 እስከ 15 ካሉት ባለ መስመር ኳሶች አንዷን በደንብ ጥረጉና በነጯ ቦታ አስቀምጧት፣ መስመሯ አግድም ይሁን። የመስመሩ የታችኛው ጠርዝ ቅድም ያልኩት ወሰን አካባቢ ነው። ጫፉን ቾክ ቀብታችሁ፣ ኳሷ ሌላ ኳስ መትታ በኃይል ወደ ኋላ እንድትመለስ አድርጋችሁ ምቷት። ከዚያ አንሷትና ቾኩ የተወባትን ነጥብ ፈልጉ። ብዙ ሰው ከመስመሩ ጠርዝ አጠገብ የመታ ይመስለውና ነጥቡን የሚያገኘው መሐሏ ላይ ነው፣ አንዳንዴ እንዲያውም ከመሐሏ ከፍ ብሎ። «ጫፌ ስፒን አይሰጥም» የሚለው ሰው ችግሩ ብዙውን ጊዜ እዚያች ነጥብ ላይ ይታያል፤ ወይ እጁ በመጨረሻዋ ቅጽበት ይነሳል፣ ወይ ክርኑ ቀድሞ ይወርዳል። ለዚህ አዲስ ጫፍ መድኃኒት አይሆነውም።

ለጸሐፊው የምተውላቸው ነገር አለ። ለስላሳ ቆዳ ቾክ ይይዛል፣ ሲመቱበት ድምፁ ረገብ ያለ ነው፣ ቀስ ተብሎ በሚመታ ኳስ ላይ ብዙዎች የበለጠ ይመቻቸዋል። ቾክ መቀባት የሚረሳ ሰውም በለስላሳ ጫፍ የመንሸራተት ዕድሉ ይቀንሳል። በአንጻሩ ጠንካራው ጉልበት ሳያባክን ወደ ኳሷ ያስተላልፋል፣ ቅርጹንም ቶሎ አይለቅም። የሚመረጠው በዚህ ነው፤ በስሜት፣ በድምፅና በአያያዝ። ከሁለት አንዱን ያዙና እጃችሁ እስኪለምደው ቆዩበት።

ስፋቱ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ስህተቱ ግልጽ ነው። ጸሐፊው ሦስት ጨዋታ በአንድ መመሪያ ሊሸፍኑ ሞክረዋል። የፑል ኳስ 57 ሚሊሜትር ከምናምን ነው፣ ለእሱ 12 ወይም 13 ሚሊሜትር ትክክል ነው፣ አዲስ አበባ ፑል ለሚጫወት ልጅ የሰጡት ምክር ያስኬዳል። የካራምቦላ ኳስ ደግሞ 61.5 ሚሊሜትር ነው፣ ጫፉም ከ11 እስከ 12 ነው። የስኑከር ስቴካ ግን ብዙውን ጊዜ 9.5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ቢበዛ 10። መጀመሪያ ነገር 13 ሚሊሜትር ጫፍ 9.5 በሆነ ናስ ላይ (ጫፉ የሚለጠፍበት የስቴካው መጨረሻ ላይ ያለው የብረት ቀለበት) እንዴት ይለጠፋል? በዙሪያው የተንጠለጠለው ቆዳ ከሥሩ የሚደግፈው የለውም። ሰፊ ስቴካ ገዝተው ስኑከር ይጫወቱበት ከተባለም፣ ወፍራሙ ጫፍ ከትንሿ ኳስ ፊት ቆሞ ልትመቱት ያሰባችሁትን ነጥብ ይጋርዳል። ደግሞም ጫፉ ጉልላት ቅርጽ ስላለው ኳሷን የሚነካው ትንሽ ቦታው ብቻ ነው። ሰፊ መሆኑ ስህተት አይሸፍንም።

የዋጋው ጉዳይ ያሳዝነኛል፤ እዚህ ላይ የሚጎዳው ገንዘብ የሌለው ልጅ ነውና። ካሙይና ሙሪ የሚባሉት የጃፓን ድርብርብ ጫፎች ጥሩ ዕቃ ናቸው፣ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። ስስ ቆዳ በቆዳ ላይ ተደራርቦ ስለሚሠራ አንዱ ከሌላው ብዙም አይለይም፣ ጎኑም ቶሎ ሰፍቶ ከናሱ አይወጣም። «የግድ» የሚለው ቃል ግን ከየት መጣ? ትዊተን የሚባለው የቺካጎው ኩባንያ የሚሠራው ኤልክ ማስተር ከአንድ ወጥ ቆዳ የተቆረጠ ነው። በአንድ ጃፓኒ ጫፍ ዋጋ በርካታ ኤልክ ማስተር ይገዛል፣ እንግሊዝ አገር ግን ትውልድ ሁሉ ስኑከር የተጫወተው በእሱና በወንድሙ በብሉ ዳይመንድ ነው፤ ፕሮፌሽናሎቹም ጭምር። ርካሽ ጫፍ ጨዋታ የሚያበላሽ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሰዎች እዚያ ባልደረሱ ነበር።

አንድ ወጥ ቆዳ አለበት የተባለው ችግር ግን እውነት ነው። ከአንድ ሳጥን ውስጥ አንዱ ጠጣር፣ ሌላው እንደ ቂጣ የሚታጠፍ ይወጣል። መፍትሔው መምረጥ ነው። እኔ ብዙ አድርጌ እገዛና አንድ በአንድ ከጠረጴዛ ላይ እጥላቸዋለሁ። ጠጣሩ ቀጠን ያለ ድምፅ ያሰማል፣ ልሉ «ዱብ» ይላል። ከዚያ ጎኑን በጥፍሬ እጫነዋለሁ፤ ጥፍሬ ገብቶ ምልክቱ ከቀረ ያንን እተወዋለሁ። ድምፃቸው የተመሳሰለውን አንድ ላይ አስቀምጣለሁ፤ አንዱ ሲያልቅ የሚተካው ያው ዓይነት እንዲሆን ነው። ይሄ ምንም ወጪ የለውም።

አሁን ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ። «ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ፈግፍጉ» የሚለው ምክር ብዙ ጫፍ ጨርሷል፣ ይጨርሳልም። አዲስ ጫፍ ስትለጥፉ ቆዳው ገና ልል ነው። ስትጫወቱበት ይጠቀጠቃል፣ ጎኑ ትንሽ ይሰፋል፣ የሰፋውን ትቆርጣላችሁ፣ ደግማችሁ ትጫወታላችሁ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይረጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የጫፉ ምርጥ ዕድሜ፤ ኳሷ በምን ያህል ምት የት እንደምትደርስ እጃችሁ የሚያውቀው ያኔ ነው። በየቀኑ የሚፈግፍግ ሰው ግን የረጋውን ሽፋን እየላጠ ሁልጊዜ አዲስ ቆዳ ላይ ይጫወታል። ዛሬ የለመደውን ነገ አያገኘውም።

ፕሮፌሽናሎቹ ጫፍ መቀየር የሚፈሩት ለዚህ ነው። ትልቅ ውድድር ላይ ጫፉ ብልሽት ብሎበት በጨዋታ መሐል ሲቀይር ያያችሁት ተጫዋች ፊቱ የሚቀያየረው ወድዶ አይደለም። ያልተለማመደበት ቆዳ ይዞ ሊመለስ ስለሆነ ነው።

ታዲያ መቼ ነው የሚነካው? ጫፉን ወደ መብራት አዙሩና እዩት። ጤነኛ ጫፍ ላይ ቾኩ እኩል ተኝቶ ፊቱ ደብዛዛ ይመስላል። የታመመው ላይ አንድ ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ዘወትር በምትመቱበት በኩል፣ ጠቆር ያለ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ታያላችሁ። ቾክ ስትቀቡት እዚያ ነጥብ ላይ አይቀመጥም፣ ዙሪያውን ብቻ ይይዛል። ያኔ ሸካራውን ወረቀት ጫፉ ላይ ጣል ጣል እያደረጋችሁ ጫን ጫን በሉት፣ ሳትጎትቱ። ቆዳው ሳይቀነስ ፊቱ ብቻ ይነሳል። ጉልላቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ ከመሐሉ ሳይሆን ከዳሩ ወደ ላይ እያነሳችሁ ቅረጹት። ጎኑ ከናሱ ውጭ ከሰፋ ስቴካውን ዘቅዝቃችሁ ጫፉን ጠንካራ ጣውላ ላይ አሳርፉ፣ በስለታም ምላጭ ወደ ታች እየቆረጣችሁ አዙሩት፣ ናሱን እንዳትቧጭሩ ተጠንቀቁ። በመጨረሻ ጎኑን ብቻ በእርጥብ ጣት ነካ አድርጋችሁ በቁራጭ ቆዳ አጥብቃችሁ እሹት። ጎኑ ይጠነክራል፣ ድጋሚ ለመስፋትም ጊዜ ይወስድበታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ውሃ የሚነካው ጎኑን ብቻ ነው።

የፑል ቤት ስቴካ ላይ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው። ሃምሳ ሰው የሚመታበት፣ ፊቱ የተንጠፈጠፈና እንደ መስታወት ያበራ ጫፍ ከጨዋታ በፊት ሸካራ ወረቀት ካልነካው ለመጫወት ያስቸግራል። ልዩነቱ የራሳችሁ የሆነና የናንተ ያልሆነ ስቴካ ላይ ነው፣ መመሪያው ግን ይህን አልለየም።

በየወሩ መቀየር የሚለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ቀኑ ምንም አይነግራችሁም። በሳምንት አንዴ የሚጫወት ሰው ጫፍ ወር ሲሞላው ገና መርጋቱ ነው፣ እሱን ቆርጦ መጣል ሀብት ማባከን ነው። ቀን ሙሉ የሚጫወተው ግን ቶሎ ሊቀይር ይችላል፣ ለእሱ ምክሩ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። መታየት ያለበት ምልክቱ ነው። ቆዳው አልቆ ናሱ ኳሷን ሊነካ ተቃርቧል? ሲመቱ ድምፁ ቋ ማለት ጀምሯል? ዳሩ ከናሱ ተነስቷል? ቾክ ጨርሶ አልይዝ አለ? ከእነዚህ አንዱም ከሌለ አትንኩት።

ሱፐር ግሉን በተመለከተ ግማሽ ልክ ናቸው። ውሃ የሆነው ቀጭኑ ዓይነት ለስላሳ ቆዳ ውስጥ ይሰርግና የጫፉን ሥር ድንጋይ ያደርገዋል፣ ያኔ ለስላሳ የገዛችሁት ጫፍ ለስላሳ አይሆንም። ወፈር ያለው፣ እንደ ጄል የሆነው ግን እዚህ ብዙ ሰው ዘወትር የሚለጥፍበት ነው። ሥራው ከማጣበቂያው በፊት ነው ያለው። አሮጌውን ጫፍና የደረቀውን ማጣበቂያ ከናሱ ላይ ሙልጭ አድርጎ ማንሳት፣ የናሱን ፊት ቀጥ ያለ ነገር ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ደልዳላ ማድረግ፣ የአዲሱን ጫፍ ሥርም እንዲሁ፣ ከዚያ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ቀጥ አድርጎ መጫን። ዘሎ የሚወድቅ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው የናሱ ፊት ስላልጸዳ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ ደግሞ ስቴካችሁን በበጋ መኪና ውስጥ አትተዉ። ሙቀቱ ማጣበቂያውንም እንጨቱንም ይጎዳል።

ቾክ ላይ የተጻፈው ደግሞ ሰው ሸርተት እያለበት ጫፉን እንዲወቅስ ያደርጋል። በየአራት አምስት ምቱ አይበቃም፣ ከእያንዳንዱ ምት በፊት ነው። ጊዜ አይወስድም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠረግ ጠረግ ማድረግ ነው። ቾኩን እየገፉ ማሽከርከር ግን ቾኩን ይቦረቡረዋል፤ ጎድጓዳው ናሱንና የጫፉን ዳር ይፈትጋል፣ መሐሉን ግን በደንብ አይነካውም። ከቀባችሁ በኋላ አይታችሁ ምቱ። ጸሐፊው ቾክ መቆጠብ የፈለጉት ኳስ ያቆሽሻል ብለው ነው፣ ይሄ እውነት ነው። ኳስና ኳስ በሚነካኩበት ቦታ ላይ ቅንጣት ከገባ ኳሷ ያላሰባችሁትን ትሠራለች። ብዙ የስኑከር ፕሮፌሽናሎች ታኦም ወደሚባለው የፊንላንድ ቾክ የዞሩትም እምብዛም ምልክት ስለማይተው ነው። ግን እነሱም ከዚያ በኋላ ቾክ መቀባት አላቆሙም። የተሻለ ቾክ መግዛት ካልተቻለ ኳሶቹን ቶሎ ቶሎ መጥረግ ይቻላል።

የቀረው ቫዝሊኑ ነው። ሌላው ሁሉ ቢበዛ ገንዘብና ጊዜ ያስወጣል፣ ይሄኛው ግን በአንድ ቀን ጫፍ ይገድላል። ቆዳ ስቴካ ላይ ለምን ተለጠፈ? ድሮ ስቴካ ባዶ እንጨት ነበር፣ ከመሐሏ ራቅ አድርጎ የመታ ሰው ይንሸራተትበት ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የቆዳውን ጫፍ በማስተዋወቅ የሚታወቀው ፈረንሳዊው ፍራንሷ ሚንጎ ነው። ቆዳው የመጣው እንዳይንሸራተት ነው። ቾኩም እንዲሁ። አሜሪካኖቹ ዊልያም ስፒንክስና ዊልያም ሆስኪንስ በ1897 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያወጡበት ቾክ ትምህርት ቤት እንደምናውቀው ጠመኔ አይደለም፣ ሲሊካና ኮረንደም ያለበት ነው፣ ኮረንደም ብረት መሞረጃ ላይ የሚገባ ጠጣር ነገር ነው። ከ200 ዓመት በላይ ሰዎች የደከሙት ጫፉ ኳሷን እንዲቆነጥጥ ነው። እዚያ ላይ ቅባት መቀባት ያንን ሁሉ መሻር ነው።

መመሪያውን አምኖ የቀባ አንድ ወዳጄ ስቴካውን አምጥቶ አሳይቶኛል። ቆዳው ጠቁሯል፣ ቾኩ ተቋጥሮ እዚህም እዚያም ተለጥፏል፣ በመካከሉ እርጥብ የሚመስል ባዶ ቦታ አለ። በምላጭ ስገፋው ጫፉ ያለ ብዙ ትግል ከናሱ ተነሳ። ጨርቅ ላይም ከቅባቱ የተረፈው ነጠብጣብ ነበረበት፣ ያ ነጠብጣብ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ቢሆን የክለቡ ባለቤት ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። ጫፉን ማዳን አልተቻለም፣ አዲስ ለጠፍንለት።

ቆዳ ከጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ይጠነክራል፤ ጸሐፊው የተነሱበት ስጋት ትክክል ነው። የደረቀ ጫፍ ግን በቅባት አይመለስም፣ ይቀየራል። ስለዚህ ጽሑፉን ለለጠፋችሁ የግሩፕ አስተዳዳሪዎች ጥያቄ አለኝ፣ ለጸሐፊውም በአክብሮት። ስለ ለስላሳና ጠንካራ፣ ስለ ጃፓኑና ስለ ኤልክ ማስተሩ ያለውን ክርክር ተዉት ይቆይ፣ ሰው አንብቦ ይፍረድ። የቫዝሊንና የዘይቱን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ አንሱት። ቀብቶ የጨረሰ ካለም ጫፉን ቆርጦ ይጣልና ናሱን በአልኮል በደንብ ጠርጎ፣ አድርቆ፣ ሌላ ይለጥፍ። ናሱ ላይ ቅባት ከቀረ አዲሱም አይቆይለትም።